ዋይድ ሌንስ ለጅማ ፎቶ አንሺ፦ 16-35፣ 10-18፣ 24 ወይስ 14?

ጅማ ውስጥ ዋይድ ሌንስ (ሰፊ ቦታ በአንዴ የሚያሳይ ሌንስ) የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለሰርግ ብሎ ነው የሚገዛው። ጠዋት የሙሽሪት ቤት ትገባላችሁ። ሳሎኑ አራት በአራት ቢሆን ነው። ሶፋውና ቡፌው ግማሹን ይዘውታል። በቀረው ቦታ ላይ ሙሽሪት፣ ሚዜዎቿ፣ እናቷ፣ አክስቶቿ፣ ሜካፕ የምትሠራው ልጅ፣ ሁለት ሦስት ሕፃናት፣ ከነጂምባሉ (ካሜራውን ከሚያረጋጋው እጀታ ጋር) ደግሞ ቪዲዮ ቀራጩ አሉ። ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቷል። 50 ሚሊ ሜትሩ የሚያሳያችሁ የሙሽሪትን ፊትና የአክስቷን ትከሻ ብቻ ነው። ያኔ "ዋይድ መግዛት አለብኝ" ትላላችሁ።

ግርታው ከዚያ ይጀምራል። አንዱ "16-35 ግዛ፣ ትገላገላለህ" ይላል። ሌላው "10-18 በርካሽ እያለ ምን አስቸኮለህ" ይላል። ሦስተኛው 14ን የመሰለ የለም ብሎ ይምላል። ሁሉም ከራሱ ሥራ ተነስቶ ነውና አልዋሸም። እኔ ግን ስለ ሚሊ ሜትር ከመከራከሬ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ለካሜራው በጣም የሚቀርበው ሰው ስንት ሜትር ላይ ይቆማል? ፍሬሙ ጫፍ ላይስ የሚገባው ሰው ነው ወይስ ግድግዳ? የተለያየ ሥራ የተለያየ መልስ አለው፣ ሌንሱም እንደዚያው።

ሜትር ይዛችሁ ተነሱ

ሌላ ካላልኩ በቀር እዚህ የምጽፋቸው ቁጥሮች ለፉል ፍሬም ካሜራ ናቸው። 35 ሚሊ ሜትር 63 ዲግሪ ያህል ያያል። 24 ደግሞ 84፣ 16 ወደ 108፣ 14 ደግሞ 114 ዲግሪ። ሳሎን ውስጥ ቆሞ ዲግሪ የሚያስብ ሰው ግን አላየሁም። በሜትር እናስበው።

የፉል ፍሬም ሴንሰር (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ወርዱ 36 ሚሊ ሜትር ነው። የቆማችሁበትን ርቀት በ36 አባዙት፣ በሌንሱ ቁጥር አካፍሉት። የምታገኙት ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ስፋት ነው። ሦስት ሜትር ርቃችሁ ከቆማችሁ በ35 ሦስት ሜትር ያህል ይገባል። በ24 አራት ሜትር ተኩል። በ16 ስድስት ሜትር ከ75። ተጠጋግቶ የቆመ ሰው ግማሽ ሜትር ያህል ይይዛል ብንል በ35 ስድስት ሰው፣ በ24 ዘጠኝ፣ በ16 ደግሞ አሥራ ሦስት ሰው በአንድ መስመር ይገባል ማለት ነው። ገቡ ማለት ግን አማሩ ማለት አይደለም፤ እሱን ቀጥሎ እናየዋለን።

ክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ያነሰ) የያዛችሁ፣ ማለትም እንደ 700ዲ፣ 70ዲ፣ 80ዲ ያለ ካነን፣ በ36 ፈንታ በ22 አባዙ። ኒኮን ወይም ሶኒ ክሮፕ ከሆነ ሴንሰሩ ትንሽ ሰፋ ስለሚል በ23 ተኩል። ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 በ18ቱ፣ ከሦስት ሜትር ርቀት፣ ካነን ላይ ሦስት ሜትር ተኩል ከፍ ያለ ስፋት ያሳያችኋል። 10 ብታደርጉት ስድስት ሜትር ተኩል ያልፋል። ስለዚህ ክሮፕ ላይ ያለ 10 ማለት ፉል ፍሬም ላይ እንዳለ 16 ነው። አንድ ሰው "16-35 ገዛሁ፣ ግን ምኑም ዋይድ አይደለም" ብሎ ካማረረ ባዲው (ካሜራው ራሱ) ምን እንደሆነ ጠይቁት። ክሮፕ ላይ 16 ከገጠማችሁ የሚሰጣችሁ እይታ ፉል ፍሬም ላይ እንዳለ 26 ገደማ ነው፤ የ18-55ቱ 18 ከዚያ ብዙም አይርቅም። ያን ሁሉ ብር ለሁለት ሚሊ ሜትር ማውጣት ያሳዝናል።

ብር ሳታወጡ መሞከሪያም አለ። የአብዛኛው ስልክ ዋና ካሜራ ከ24 እስከ 26 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያያል። 0.5 የሚለውን ስትነኩ ደግሞ ወደ 13 ይሄዳል። በሚቀጥለው ሰርግ ላይ ስልካችሁን አውጡና ከአንድ ቦታ ሁለቱንም አንሱ። በዋናው ካሜራ ሥራው ካለቀላችሁ 14 ይቅርባችሁ። በ0.5 ያነሳችሁት ላይ ዙሪያውን እየቆረጣችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የምትፈልጉት መሐል ያለው 16 ወይም 20 ነው።

ጫፍ ላይ የቆመችው ሚዜ

ዋይድ ሌንስ ደንበኛ የሚያስቀይመው እዚህ ጋ ነው። ሚዜዎቹን በአንድ መስመር ደርድራችሁ በ16 ታነሳላችሁ። መሐል ያሉት አምረዋል። ዳር የቆመችው ልጅ ግን ክንዷ ወፍሯል፣ ጭንቅላቷ ወደ ጥግ ተስቧል። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ መጀመሪያ የምትደውለው እሷ ናት። እውነቷን ነው።

ይሄ የርካሽ ሌንስ ጉድለት አይደለም፣ ሁለት ሺህ ዶላር ብትከፍሉም አይጠፋም። ዋይድ ሌንስ የግድግዳውንና የበሩን መስመር ቀጥ አድርጎ ለማሳየት ሲል ከመሐል የራቀውን ክብ ነገር ወደ ውጭ ይለጥጠዋል። ጭንቅላት ደግሞ ክብ ነው። በ16 ፍሬሙ ግራ ወይም ቀኝ ጠርዝ ላይ የደረሰ ጭንቅላት ከተፈጥሮው በግማሽ ያህል ይሰፋል። በ24 ሩብ ያህል ነው። በ35 አሥራ ሁለት በመቶ አካባቢ ነው፣ ያን ያህሉን ማንም ልብ አይለውም። ለቡድን ፎቶ 24ን ከ16 የምመርጠው ለዚህ ነው። 16 ካልሆነ የማይገባ ሰልፍ ከሆነ በሁለት ረድፍ አቁሟቸው፤ አጫጭሮቹና ሕፃናቱ ፊት ይቀመጡ። ጫፉን ለመጋረጃው፣ ለበሩ፣ ለዲኮሩ ተዉለት። እነሱ ቢለጠጡ አይደውሉም።

ሁለተኛው ጣጣ መቅረብ ነው። እነዚህ ሌንሶች 28 ሴንቲ ሜትር ድረስ ተጠግተው ፎከስ ያደርጋሉ። ስለቻሉ ግን የሰው ፊት ላይ አትጠጉ። በአርባ ሴንቲ ሜትር ርቀት አፍንጫው ከጆሮው ይልቅ ለሌንሱ በጣም ቅርብ ነው፣ ስለዚህ ያብጣል። ይሄ ከርቀቱ የመጣ እንጂ ከሌንሱ አይደለም። ዋይዱ ያደረገው ነገር ቢኖር ያን ያህል እንድትጠጉ መጋበዙ ነው። ለፊት ብቻ የሚሆን ፎቶ ከፈለጋችሁ ያው 50 ወይም 85 አላችሁ።

መስመርን የሚያጎብጠው ሌላ ነገር ነው፣ ከዚህ ጋር አታምታቱት። በሩ እንደ በርሜል ሆዱ ወጥቶ ከታየ የሌንሱ ጠባይ ነው፤ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ የሌንሱን ፕሮፋይል ስትመርጡ ይስተካከላል። የተለጠጠ ጭንቅላት ግን በዚያ አይመለስም።

16-35፦ ኤፍ 4 ወይስ ኤፍ 2.8?

5ዲ ማርክ 3 ወይም 6ዲ (የካነን ፉል ፍሬም) ለያዘ ሰው ዋናው ክርክር ይሄ ነው። ኤፍ ሌንሱ ምን ያህል እንደሚከፈት ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። የካነን 16-35 ኤፍ 4 እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። 615 ግራም ይመዝናል፣ 77 ሚሊ ሜትር ፊልተር ይወስዳል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋው አይኤስ አለው። የኤፍ 2.8ቱ ሦስተኛ ትውልድ በ2016 መጣ። 790 ግራም ነው፣ ፊልተሩ 82፣ አይኤስ የለውም። አዲስ ሲወጡ አንዱ 1,199፣ ሌላው 2,199 ዶላር ነበር። በብር ስንት እንደሆነ አልጽፍም፣ ጽሑፉን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ሊቀየር ይችላል።

ከኤፍ 4 ወደ 2.8 ስትሄዱ የምታገኙት የብርሃን እጥፍ ነው። አዳራሹ ውስጥ በ2.8፣ በሻተር (ብርሃን በሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ በአይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ባለው ስሜት) 3200 የሚሠራ ከሆነ፣ በኤፍ 4 ለዚያው ፎቶ 6400 ትጠይቃላችሁ። 5ዲ ማርክ 3 እና 6ዲ ላይ 6400 ይሠራል፣ ትንሽ ኖይዝ (ነጠብጣብ) ቢኖርም ለአልበም ይታተማል። ስለዚህ ብርሃኑ ያን ያህል ልዩነት አለው ወይ ብትሉኝ፣ ፉል ፍሬም ለያዘ ሰው መልሴ "አለው፣ ግን አንድ ሺህ ዶላር አይሞላም" ነው።

አይኤስን በተመለከተ ሻጮች የሚያጋንኑት ነገር አለ። አይኤስ የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ ነው። ጭፈራ ላይ ያለን ሰው አያስቆምም። በ1/15 ሻተር ዲኮሩ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ እስክስታ የሚወርደው አጎት ግን ብዥ ይላል። ለጨፋሪ ቢያንስ 1/125፣ ቢቻል 1/200 ያስፈልጋል። አይኤስ የሚጠቅማችሁ ባዶ አዳራሽ፣ የሆቴል ክፍል፣ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስታነሱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያለ ጂምባል ቪዲዮ ስትቀርጹ ነው። ቪዲዮም ፎቶም አንድ ሰው በሚሠራበት በእኛ ከተማ ይሄ ቀላል አይደለም።

ያገለገለ ኤፍ 2.8 በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ ስንተኛው ትውልድ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። የ2007ቱ ሁለተኛ ትውልድ በ2.8 ሲከፈት ጥጎቹ ለስለስ ይላሉ፤ በጥግ ጥራት ኤፍ 4ቱ ይበልጠዋል። ስሙ 2.8 ስለሆነ ብቻ አትውሰዱት። 17-40 ኤፍ 4 ደግሞ የ2003 ሽማግሌ ነው። አይኤስ የለውም፣ በኤፍ 4 ጥጎቹ ደከም ያሉ ናቸው፣ ኤፍ 8 ላይ ግን ይነቃል። ብሩ ለጠበበትና ቀን ብርሃን ላይ ለሚሠራ ሰው አሁንም አይናቅም። አካሉ ጠንካራ ነው፣ ብዙ ዓመት የሠራ 17-40 ማየት የተለመደ ነው።

የእኔ ምርጫ ኤፍ 4ቱ ነው። ከ2.8 የሚተርፈውን ጥሩ ፍላሽና አንድ ክፍት ሌንስ ግዙበት።

ፍላሽ ካልኩ አይቀር፦ አብዛኛው ፍላሽ ከ20 ወይም ከ24 ሚሊ ሜትር የሰፋ እይታ በራሱ አይሸፍንም። በ16 ቀጥታ ስትተኩሱ መሐሉ ነጭ፣ ጥጎቹ ጨለማ ይሆናሉ። ከፍላሹ ራስ ላይ የሚጎተተውን ስስ ፕላስቲክ አውርዱት፣ ለዚህ ነው የተሠራው። ጣሪያ ላይ መምታት ይሻላል፣ ጣሪያው ነጭ ከሆነ። ድንኳን ውስጥ ከሆናችሁ ግን ሸራው ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ብርሃኑም ያንኑ ቀለም ለብሶ ሙሽራው ላይ ይወርዳል። የካሜራው የራሱ ብቅ የሚል ፍላሽ ደግሞ በዋይድ ሌንስ ይቅር። የሌንሱ ጥላ ከፍሬሙ ግርጌ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይወጣባችኋል።

ሶኒ የያዛችሁ ልጆች ትንሽ ታድላችኋል። የታምሮን 17-28 ኤፍ 2.8 (2019) 420 ግራም ብቻ ነው። ቀላል ነው፣ ክፍት ነው፣ ጂምባል ላይ አይከብድም። ከ16 ያጣችሁት አንድ ሚሊ ሜትር ሳሎን ውስጥ ያስቸግራችሁ ይሆናል፣ ከ28 በላይ አለመሄዱ ግን የበለጠ ያስቸግራል፤ ሌንስ ቶሎ ቶሎ ትቀይራላችሁ። የሶኒው 16-35 ኤፍ 4 ክብደቱ 518 ግራም ነው፣ እሱ 35 ድረስ ስለሚሄድ ቀኑን ሙሉ ባዲው ላይ ሊውል ይችላል። ኒኮን ላይ 16-35 ኤፍ 4 ከ2010 ጀምሮ አለ፣ ማረጋጊያም አለው፣ 680 ግራም ገደማ ነውና ከባድ ነው።

ክሮፕ ለያዘ ሰው፦ 10-18

የካነን 10-18 ኤፍ 4.5-5.6 እ.ኤ.አ. በ2014 በ299 ዶላር ወጣ። ክብደቱ 240 ግራም ነው። ፕላስቲክ ነው፣ ማውንቱም (ካሜራው ላይ የሚገጥመው ቀለበት) ጭምር። መልኩን አይታችሁ አትናቁት። ቀን ላይ፣ ኤፍ 8 ላይ፣ የሚሰጠው ጥራት ዋጋውን ያሳፍራል። አይኤስ አለው፣ ለቪዲዮ ፎከሱ ዝም ያለ ነው፣ 22 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይጠጋል።

ድክመቱ ማታ ነው። ሲጨልም ከ4.5 በታች አይከፈትም፣ ትንሽ ዙም ስታደርጉት ወደ 5.6 ይዘጋል። ያ ከላይ ያልኩት በ2.8 አይኤስኦ 3200 የነበረ አዳራሽ በ5.6 ወደ 12800 ይሄዳል። 700ዲ ላይ 12800 አይታሰብም። ስለዚህ 10-18 ከፍላሽ ጋር የሚገዛ ሌንስ ነው። ፍላሽ ከሌላችሁ ወይም ፍላሽ የማትወዱ ከሆነ የቶኪናውን 11-16 ኤፍ 2.8 ፈልጉ። ከበድ ይላል፣ ማረጋጊያ የለውም፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ብርሃን ይረጭበታል፣ ግን 2.8 ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ነገ ፉል ፍሬም ስትገዙ 10-18ቱ ከነጭራሹ አይገጥምላችሁም። ቶኪናው ግን ይገጥማል፤ በ11 ጥጎቹ ጥቁር ቢሆኑም 16 ላይ ስታደርሱት ፍሬሙን ይሞላል። ቋሚ መፍትሔ ባይሆንም እስኪገኝ ያሻግራል።

መስታወት አልባ ካነን ለመግዛት ያሰባችሁ፣ የዲኤስኤልአር ሌንሶቻችሁ በአዳፕተር ይሠራሉ፣ ጥራትም አይቀንሱም። 10-18ን አር6 ላይ ከገጠማችሁት ግን ካሜራው ራሱ ወደ ክሮፕ ይገባል፣ ከ20 ሜጋፒክስሉ የሚተርፋችሁ 8 ያህል ነው። ለቴሌግራም ይበቃል፣ ለግድግዳ አልበም አይበቃም።

የኒኮን ክሮፕ ተጠቃሚዎች ተመሳሳዩ 10-20 አላችሁ፣ የ2017፣ 230 ግራም። እሱ ላይ ወጥመድ አለ። ስሙ ላይ ኤኤፍ-ፒ የሚል አለው፣ ይሄ ዓይነት ሞተር በድሮ ባዲዎች ላይ ፎከስ አያደርግም። ዲ7000፣ ዲ5100፣ ዲ3200፣ ዲ90 የያዛችሁ አትግዙ። ሻጩ "ኒኮን ለኒኮን ነው፣ ይሠራል" ቢላችሁ የራሳችሁን ባዲ ይዛችሁ ሄዳችሁ ግጠሙት።

ዙም የሌላቸው፦ 24፣ 20 እና ትንሿ 16

ለጨለማ የተሠሩት እነዚህ ናቸው። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 4 ጋር ሲነጻጸር አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ያ 6400 የጠየቀ አዳራሽ ወደ 1250 ይወርዳል። የሶኒው 20 ኤፍ 1.8 (2020፣ 373 ግራም) በዚህ በኩል ከምወዳቸው አንዱ ነው። ከሲግማ ደግሞ 24 ኤፍ 1.4 አለ፤ ከባድ ነው፣ ግን ቡና እየተፈላ በከሰሉ ፍምና በአንድ አምፖል ብርሃን የሰውን ፊት የሚያወጣ ሌንስ ነው።

ዋጋቸው ዙም ማጣት ነው። ሰርግ ላይ ወደ ኋላ መሄድ የሚቻልበት ቦታ ስለሌለ ይሄ ትልቅ ዋጋ ነው። ብቸኛ ሌንስ አድርጌ አልመክራቸውም፣ ሁለተኛ አድርጌ ግን አዎ።

ካነን አር ተከታታይ ለያዘ ሰው 16 ኤፍ 2.8 አለ፣ የ2021። 165 ግራም ነው፣ ኪስ ይገባል፣ 299 ዶላር ነበር። እንዲህ ትንሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሌንሱ የሚያመጣው ምስል በጣም የጎበጠ ነው፣ ካሜራው በሶፍትዌር ነው የሚያቀናው። ያ ሲቀና ጥጎቹ ይለጠጣሉና ይደክማሉ። ለቭሎግ፣ ለመንገድ፣ ለጠባብ ክፍል በቂ ነው። ጥግ ላይ ያለ ዝርዝር ለሚፈልግ፣ ለምሳሌ ሆቴል ለሚያነሳ ሰው፣ አይበቃም።

ክሮፕ ካነን ላይ ያለችው 24 ኤፍ 2.8 ደግሞ እንደ ብስኩት ስስ ናት፣ 125 ግራም። እሷ ግን ፉል ፍሬም ላይ እንዳለ 38 ስለምታይ ዋይድ ናት ማለት ይከብደኛል። ለመንገድ ፎቶ ግን ደስ ትላለች። የሄርማታ ገበያ ሐሙስ ቀን ላይ ትልቅ ሌንስ ይዛችሁ ከገባችሁ ሰው ሁሉ ወይ ይሸሻል ወይ ይሰለፋል። በዚህች ትንሿ ማንም ዞሮ አያያችሁም። ቢሆንም ሰው ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

14፦ ለማን?

14 ሚሊ ሜትር ሲያዩት ያስጎመጃል። በ14 የተነሳ ሳሎን አዳራሽ ይመስላል። ፊቱ ላይ ያለው ብርጭቆ እንደ እንቁላል ጎልቶ የወጣ ነው፣ ስለዚህ ተራ ፊልተር ፊቱ ላይ አይገጥምም። የሳምያንጉ 14 ኤፍ 2.8 ርካሹ ነው። ፎከሱ በእጅ ነው፣ የካነኑ ተራ ስሪት ከካሜራው ጋር አይነጋገርም፣ አፐርቸሩንም (የኤፍ ቁጥሩን) ሌንሱ ላይ ነው የምታዞሩት። መስመሩን የሚያጎብጠው ደግሞ እንደ ፂም ሞገድ ስለሚሠራ በቀላሉ አይቃናም። ለኮከብ ፎቶ ጥሩ ነው ይባላል፣ እውነትም ነው። ግን ፍኖተ ሐሊብ ደምቆ በሚታይበት ክረምት ጅማ ላይ ሰማዩ ደመና ነው። የኒኮኑ 14-24 ኤፍ 2.8 (2007) ሌላ ደረጃ ነው፣ ስለት ያለው ጥራት አለው፣ ክብደቱም አንድ ኪሎ ይጠጋል።

ሰው ለሚያነሳ ሰው 14 አልመክርም፣ ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ። ለሆቴልና ለሪል ስቴትም ቢሆን 16 ይበቃል። ክፍሉን ከልኩ በላይ አስፍታችሁ ብታሳዩ እንግዳው በሩን ሲከፍት የሚያኮርፈው በሆቴሉ ላይ ነው፣ ሆቴሉ ደግሞ በእናንተ ላይ።

ሕንፃና ቡና

ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስታነሱ ዋይድ ሌንስ ሌላ ጠባዩን ያሳያል። ፎቅ ነው፣ እንጨት ነው፣ በረንዳው በቋሚዎች የተሞላ ነው። ተጠግታችሁ ሌንሱን ወደ ላይ ቀና ካደረጋችሁ ቋሚዎቹ ሁሉ ወደ መሐል ያዘነብላሉ፣ ቤቱ ወደ ኋላ ሊወድቅ ይመስላል። መፍትሔው ካሜራውን ቀና ሳያደርጉ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ካሜራው ደልደል ብሎ ሲያይ ቋሚዎቹ ቀጥ ይላሉ፣ ታችኛው ሲሦ ግን ሣርና መሬት ይሆናል፤ በኋላ ቁረጡት። ላይትሩም ላይ ማቃናትም ይቻላል፣ ግን ሲቃና ዳር ዳሩ ይቆረጣል። ሁለቱም መንገድ ትርፍ ስፋት ይፈልጋል። ለሕንፃ 24 የበቃ ሲመስላችሁ 16 ወይም 18 ያስፈለገው ለዚህ ነው። ካነን ለዚሁ ሥራ ብቻ የሠራው የሚንሸራተት 24 ሚሊ ሜትር አለው፣ የ2009። ሕንፃ በማንሳት እንጀራ የማይበላ ሰው ግን አያስፈልገውም።

ቡና ላይ ዋይድ ያምራል። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ማድረቂያ አልጋው ዳር ተንበርከኩ። ሌንሱን ከእሸት ቡናው በላይ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ 16 ላይ፣ ኤፍ 8 ላይ አድርጉት። ፎከሱን አንድ ሜትር ከአሥር ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ብታስሩት ከግማሽ ሜትር ትንሽ አለፍ ካለው ፍሬ ጀምሮ እስከ ተራራው ድረስ ጥርት ይላል። ቀዩ ፍሬ ፊት ለፊት፣ የሚያገላብጡት ሴቶች መሐል፣ ጫካው ከኋላ። ኤፍ 22 አድርጉ የሚላችሁን አትስሙ፣ ከኤፍ 16 በላይ ስትዘጉት ምስሉ ራሱ ይደበዝዛል።

ዛፉ ሥር ስትገቡ ደግሞ ፖላራይዘር ያዙ። የቡና ቅጠል አንጸባራቂ ነው፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ መስተዋት ይሆናል፤ ፊልተሩን ስታዞሩት ነጩ ይጠፋና አረንጓዴው ይወጣል። 77 ሚሊ ሜትር ፊልተር ያለው ሌንስ መያዝ የሚጠቅመው እዚህ ነው፣ 14ቱ ይሄን አያደርግም። ሰማይ ባለበት ፍሬም ላይ ግን አውልቁት። በ16 ሰማዩ ገሚሱ ጠቁሮ ገሚሱ ነጥቶ ይቀራል።

ዝናብና ሻጋታ

አዲስ አበባ ያለ ሰው የሚጽፈው ምክር ይሄን ይዘለዋል። ጅማ እርጥብ ናት፣ ዝናቧም ረጅም ነው። ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ክረምቱን የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። ውስጡን ስታዩት እንደ ሸረሪት ድር ያለ ቀጭን ነጭ ክር ነው። መጀመሪያ ፎቶው ላይ አይታይም፣ እያደገ ሲሄድ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ምስሉን ጉም ያለብሰዋል፣ የብርጭቆውን ልባስም ይበላል።

ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ የፕላስቲክ ሳጥንና ሲሊካ ጄል ይበቃል፤ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ጨምራችሁ ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን ጠብቁ። ሲሊካው ሲጠግብ አሙቃችሁ አድርቁት። የቆዳ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡ፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ከዝናብ የመጣ ሌንስም ሳይደርቅ አይዘጋበት።

የካነን 16-35 እና 17-40 ውኃ እንዳይገባባቸው የተሠሩ ናቸው፣ ግን ፊት ላይ ፊልተር ካልታሰረ መከላከያው አይሟላም። ዝናብ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ያንን ፊልተር ከሌንሱ ዋጋ ጋር ደምራችሁ አስቡት። 10-18ቱ ጭራሽ መከላከያ የለውም፤ ካፊያ ሲጀምር ጃኬት ውስጥ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ የስልካችሁን መብራት ከኋላ በኩል አብርታችሁ ከፊት በሰያፍ እዩ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። ክር ያለበትን አትንኩ፤ ከገዛችሁት ደግሞ ከሌሎቹ ሌንሶቻችሁ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አታስገቡት። ቀጥሎ ጋዜጣ ፈልጉና ግድግዳ ላይ አራቱንም የፍሬም ጥግ የሚሸፍን አድርጋችሁ ለጥፉ። ካሜራውን ትይዩ አቁማችሁ ሌንሱ በተከፈተበት ልክ አንሱ። አራቱም ጥግ እኩል ቢለሰልሱ የሌንሱ ተፈጥሮ ነው። አንዱ ጥግ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ብዥ ካለ ያ ሌንስ ወድቆ ያውቃል፤ የፊልተር ቀለበቱ ላይ ጠባሳ ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ታገኙታላችሁ። ዋይድ ላይ እንዲህ ያለ መዛባት ከሌላው ሌንስ ይልቅ ይታያል፣ ማስጠገኑም በቅርብ አይገኝም። ከአዲስ አበባ በሰው የምታስመጡ ከሆነ አራቱን ጥግ የሚያሳየውን ፎቶ ኦሪጅናሉን፣ ሳይጨመቅ፣ በቴሌግራም ፋይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ ብሩን ከዚያ በኋላ አስተላልፉ።